ትንሽ ማለፍ

«ትንሽ ማለፍ እኮ ማለፍ አይባልም!» አለ ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም፣ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ፣ ገና በጠዋቱ፣ በስልክ። የእሷን ክፍል ከእሱ ሳሎን የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚነገር ነገር ሁሉ ለሁለት ቤት ይነገራል። ቴሌቪዥኑ ዜና ሲያነብ እሷም ትሰማለች፤ እሷ ስታነጥስ ከወዲያ በኩል «ይማርሽ» ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ የሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሙያ ይህ ነው። ዛሬ ግን ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ጠበቅ አድርገው ነው የምልህ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ሰው ምን ይላል? ማጥፊያውንም ከፍ አድርግልኝ። አዎ… አዎ፣ ለእኔ ተወው። ስድስት ያሉት ሰዎች እኮ ፈሪዎች ናቸው፤ ሰባት እንደሚችል እያወቁ ነው ስድስት የሚሉት።» ስልኩ ተዘጋ። ማበጠሪያው በልጇ ፀጉር መሃል ቆሞ ቀረ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ የሰማችውን ሳታላምጥ የማትውጥ። «ትንሽ ማለፍ ማለፍ አይባልም እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«ጋሼ ናቸዋ፣ አሁን።»

«የትልቅ ሰው ወሬ አይሰማም» አለቻት፣ ራሷ ትንፋሿን ውጣ ስትሰማ እንዳልነበረ። ልጅቷ በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። አስተማሪያቸው ከመስመር ያለፈ ፊደል የጻፈን ልጅ ገጹን በሙሉ እንደገና ያስገለብጡታል፤ ያለፈው ትንሽ ከሆነስ ይተዉት ይሆን? እሷ ማወቅ የፈለገችው ይህን ነው። እናቷ «ይረፍድብሻል፣ ተነሺ» ብላ ቦርሳዋን አሸከመቻትና ግንባሯን ስማ ሸኘቻት። ጥያቄው ግን ልጅቷን ተከትሎ ትምህርት ቤት አልሄደም፤ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ጋር ቀረ።

ሥራዋ ለልብስ መተኮሻ እንፋሎት የሚያፈላ ቦይለር መጠበቅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ባሏ የሞተ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ «የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አትወድቅም» አለና ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጣት፤ በራሱ ላውንደሪ ውስጥም ሥራ ሰጣት። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን እሷም ለራሷ ደጋግማ ትነግራለች፤ የረሳች እንደሆነም የሚያስታውሳት ሰው አይጠፋም። ኪራይ ጠይቋት አያውቅም፣ ፊት ነስቷት አያውቅም። ብቻ አንዳንዴ እንግዳ ባለበት «ከፈለገች ዕድሜዋን ሙሉ ትኑርበት» ይላል፣ እሷም ፈገግ ትላለች፤ ፈገግ ብላ ስትጨርስ ጉንጯን ያማታል። ላውንደሪው ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም። በየሰዓቱ ቦይለሩን እየዞረች ትኩሳቱን የምትለካ ስለሚመስላቸው ልብስ ተኳሾቹ «ሐኪሟ» አሏት፤ በዚያው ጸና። ያወጣችላት የተኳሾቹ አለቃ ናት። እሷን ራሷን ደግሞ «ኮሎኔሏ» ይሏታል፤ አምስት ተኳሾችን የሚያዝ ሰው ማዕረጉ ከዚያ አያንስም ተብሎ።

ልጇን ከሸኘች በኋላ ሐኪሟ ሁልጊዜ ጠዋት ክንዳቸውን ይዛ የምትወስደው አማቷን ነው። እማማ ጉልበታቸውን ብርድ ይበላቸዋል፤ ቤት ሲውሉ ይብስባቸዋል። ላውንደሪው ውስጥ ግን ተኳሾቹን ከቦይለሩ የሚለየው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። ልጃቸው ራሱ ትራስ ያለው ወንበር አስጠግቶላቸው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው እስኪመሽ እዚያ ይውላሉ፤ የተበታተነ ካልሲ ያጣምራሉ፣ የወለቀ ቁልፍ ይሰፋሉ፣ ተኳሾቹን ፊት ለፊታቸው ያሟቸዋል። ዛሬም በዝግታ እየሄዱ፣ በየሱቁ በር ቆም እያሉ ገበያውን ያነሳሉ። «ሳሙና ጨመረ አሉ?» «ጨምሯል እማማ፤ ሃያ የነበረው ሠላሳ አምስት ገብቷል።» «ሽንኩርትስ?» «እሱንስ አይጠይቁኝ።» «እንግዲህ ሳንበላም ሳንታጠብም መኖር ነዋ» አሉ እማማ፤ ተሳሳቁ። ሐኪሟ እየሳቀች «ዛሬ ግድግዳው ጋ አይቀመጡ» ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ለምን ቢሏትስ? የልጃቸውን ስም በምን አፏ ታነሳለች? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያን ያለው ሰው የሰው ግቢ ውስጥ አልኖረ ይሆናል እንጂ፣ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ተከማችቶ የነቀዘ ዝምታ ስንት አለ!

ላውንደሪው ሦስት ክፍል ነው። መንገዱ ላይ ያለው መቀበያ ነው፤ መስታወት ያለው ባንኮኒ፣ የተሰቀሉ ኮቶች፣ «ለተረሳ ዕቃ ኃላፊ አይደለንም» የሚል ማስታወቂያ። መካከለኛው ማጠቢያው ነው፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የመጨረሻው የተኳሾቹ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ ስድስት የእንፋሎት ካውያ፣ አንድ ጠባብ በር። ከእነሱ ጀርባ፣ በጓሮ በኩል በሚገባባት ጠባብ ክፍል፣ ቦይለሩ ቆሟል። ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሆዱ ላይ ከዓመታት በፊት የተበየደ የክንድ ያህል ጠባሳ አለበት። አናቱ አጠገብ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የምታህል የግፊት መለኪያ ጌጅ አለች፤ ስድስት ቁጥር ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። ስድስት ሲደርስ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ ማጥፊያ አለው። ማጥፊያው ቢሰንፍ ደግሞ የደኅንነት ቫልቩ በራሱ ተከፍቶ እያፏጨ ያስተነፍሰዋል። ሰሞኑን ሁለት ቀን ሙሉ ያፏጨው እሱ ነበር።

በሩ ላይ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመጣ ቅጽ በገመድ ተንጠልጥሏል። አናቱ ላይ «ግፊቱ ከተፈቀደው ልክ» ይልና ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ስምንት ሣጥን ይከተላል። በየሣጥኑ ከሁለት ቃል አንዱ ይጻፋል፤ «አልፏል» ወይም «አላለፈም»። ሌላ ቃል አይፈቀድም። ሐኪሟ ሥራ የጀመረች ዕለት፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ቁልፉን እያስረከቧት «ልጄ፣ ጠዋት ስምንቱንም ጻፊና ፈርመሽ ተገላገይ» ብለው መከሯት። «ይሄ ነገር አልፎ አያውቅም። ተቆጣጣሪው በዓመት ሁለቴ ሲመጣ የሚያየው ወረቀቱን ነው እንጂ ቦይለሩን አይደለም።» መጀመሪያ አካባቢ በየሰዓቱ እየሄደች ታይ ነበር፤ ውላ አድራ ተወችው። መዞሩን ትዞራለች፤ ውሃውን ታያለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከተኳሾቹ ጋር ትጫወታለች። ጌጁን ግን አንዳንድ ቀን ታየዋለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይታው ይሁን ሳታየው ቀርታ አታውቀውም። የዛሬ ጠዋቱ ደግሞ ይብሳል። ቫልቩ ጸጥ ማለቱን ከበር ስትገባ አወቀች፤ ማን ዝም እንዳሰኘውም አወቀች፤ በጆሮዋ የሰማችው ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ እጇ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ እንደ ለመደው፣ አላለፈም፣ አላለፈም፣ አላለፈም እያለ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጽፎ ፈረመ። ሰው አንዳንዴ ከእጁ ጋር አይተዋወቅም።

የዛሬው ጥድፊያ የመጣው ከሆቴል ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል የራሱ ማጠቢያ ተበላሽቶበት አራት መቶ አንሶላ ልኳል፤ እስከ አሥር ሰዓት ተተኩሶ ከደረሰ ከዚህ በኋላ የሆቴሉ ልብስ ሁሉ እዚህ ይመጣል፣ ካልደረሰ ሌላ ላውንደሪ ይፈልጋሉ። ዋርሳዋ ከጠዋት ጀምሮ ከመቀበያ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ ተኳሾቹ ክፍል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳል። ተኳሾቹ ግን ቀንቷቸዋል። «ሐኪሟ፣ ምን አጠጣሽው?» አለች ኮሎኔሏ፣ ግድግዳው ጋ ካለው ጠረጴዛዋ ሳትነቃነቅ፤ «ዛሬ እኮ አንሶላው ካውያውን ሲያይ ገና ከሩቁ ይዘረጋል!» ሴቶቹ ሳቁ። እማማም ከወንበራቸው ሆነው «ግድግዳውም ዛሬ ባርኮኛል፤ የጉልበቴ ሕመም ጠፋልኝ እኮ» አሉ። ሐኪሟ አብራ ልትስቅ ሞከረች። አልሳቅ ሲላት ወጥታ ወደ ጓሮ ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ መርፌዋ ቀዩ መስመር ላይ ነበረች። ማጥፊያው እሳቱን ያጠፋዋል ብላ ቆማ ጠበቀች፤ አላጠፋም። አራት ተኩል ላይ መስመሩ ከመርፌዋ ወዲህ ቀርቷል። አምስት ሰዓት ላይ ስታይ ስድስት ተኩልን አልፋ፣ እንደ በረደው ሰው እየተንቀጠቀጠች ወደ ሰባት ታዘግማለች። ከዚያ በሆዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። ከብየዳው ጫፍ ከክር የቀጠነ ነጭ ትንፋሽ ይወጣል። እጇን አስጠግታ መልሳ ሰበሰበችው። ድምፅ የለውም። ያ ትንፋሽ ቢያፏጭ፣ ቢጮህ፣ ቢያጓራ ኖሮ እሷ እዚያ መቆም ባላስፈለጋት፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም።

ጠዋት በስልክ የታዘዘው የላውንደሪው መካኒክ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጀርባ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር። «አልፏል እኮ» አለችው። «ነካ አደረገው በይ» አለ ዳቦውን እያየ። «ስድስት ተኩልን ትቶ ሄዷል!» «እሱማ… ጠጋ ብሏል ነው የሚባለው። መቼም ጌጅም ይዋሻል።» «ብየዳው ያስተነፍሳል።» ያን ጊዜ ማኘኩን አቆመ። ማኘክ ማቆሙ ለእሷ በቂ መልስ ነበር፤ እሱ ግን ጉንጩ ውስጥ ያለውን ዋጥ አድርጎ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት። አራት ልጅ አለኝ» አለና ሻዩን አነሳ። ነካ አደረገ፣ ጠጋ አለ፣ ትንሽ ገፋ አለ! ሰው ሲፈራ ለአንዲት ቃል ስንት መሸሸጊያ ይሠራላታል። ጌጇ ግን የምታውቀው አንድ መስመር ነው፤ መርፌዋ ወይ ከመስመሩ ወዲህ ናት ወይ ከመስመሩ ወዲያ ናት።

ዋርሳዋ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለሆቴሉ ሰው በስልክ «አይስጉ፣ አይስጉ» እያለ ነበር። እስኪጨርስ እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ ቆመች። «ጋሼ፣ ግፊቱ ልኩን አልፏል» አለች ስልኩን እንዳስቀመጠ። «ስድስት ተኩልን አልፎ ወደ ሰባት ነው። ብየዳው ትንፋሽ እያወጣ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ እናጥፋው፤ ቫልቩንም ይመልስልን።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። በእርጋታ ወደ ጓሮ ወጥቶ ቅጹን ከነገመዱ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋላትና ጣቱን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«አምስት ሰዓት ምን ይላል?»

«አላለፈም።»

«ስድስት ሰዓትስ? ሰባትስ?» ጣቱ እየወረደ አሥር ሰዓት ላይ ቆመ። «ታዲያ እስከ አሥር ሰዓት እንደማያልፍ አንቺው ፈርመሽ፣ አንቺው ትሸበሪያለሽ?» ፈገግ አለ። እሷ ወረቀቱን ታያለች። ጽሕፈቷ ያምራል፤ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቃል የጻፈ ሰው እንዴት አያምርለት። እሱ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ሌላ ወሬ ጀመረ። «ልጅቷ ትምህርቱን እንዴት ይዛዋለች?» «ደህና ናት።» «ጎበዝ ልጅ ናት፤ የአባቷን ጭንቅላት ነው የወሰደችው። ክፍሉ አይቀዘቅዛችሁም አይደል?» «አይቀዘቅዘንም፣ ጋሼ።» «እንደሱ ነው» አለና ቅጹን አጣጥፎ እጇ ላይ አኖረላት። ሰው ቢያያቸው የቤተሰብ ጨዋታ ተጫውተው የጨረሱ ይመስሉት ነበር። እሷ ግን ልጇን፣ ፍራሹን፣ የምግብ ማብሰያዋን፣ በጣውላው ላይ በሚስማር የተሰቀለውን የባሏን ኮት፣ አንድ በአንድ በር ላይ ተደርድረው አየቻቸው። ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ ዞረች።

«እማማስ?»

«እማማ ምን ሆነች?»

«እዚያው ግድግዳው ጋ ናቸው። ይቀመጡ?»

እሷ ይህን ያለችው የመጨረሻ ካርዷ ስለሆነ ነው። እናቱ ትዝ ካለችው ያጠፋዋል ብላ ነው። እውነትም ፊቱ ተለወጠ፤ ስልኩ ሲጠራ እንኳ ሳያነሳው ከባንኮኒው ወጥቶ በእሷ በኩል አልፎ ወደ ተኳሾቹ ክፍል ሄደ። ተከተለችው። ልቧ ቀለል አላት፤ «ተመስገን» አለች በሆዷ። እሱ ግን ወደ ቦይለሩ አልሄደም። እናቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ነይማ፣ ጓሮው ላይ ደስ የሚል ፀሐይ ወጥቷል» አላቸው። «እዚሁ ይሻለኛል፣ ሞቆኛል» አሉ እማማ። «ነይ ስልሽ!» አለና በአንድ እጁ እሳቸውን፣ በሌላው ወንበሩን ይዞ በጠባቡ በር አወጣቸው። ካልሲዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። «አለቃ ዛሬ እናቱን ሊያናፍስ ነው» ብላ ኮሎኔሏ ቀለደች፤ ስድስቱም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ እሱ ተመልሶ መጣ። «በሉ እንጂ፣ እጃችሁ ይፍጠን! መቶ ሃያ አንሶላ ይቀራል» አላቸው። ሐኪሟ አጠገብ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁንስ? አሁን ደስ አለሽ?» ብሏት ወደ ስልኩ ሄደ።

ቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እውነቱን እንናገርና፣ ሰውየው አያውቅም ብላ ታስብ ነበር። ግትር ነው፣ ችኩል ነው፣ ሆቴሉ አሳውሮታል፣ ቢገባው ኖሮ አያደርገውም ነበር ትል ነበር። ለካ ያውቃል! ከእሷ እኩል ያውቃል። አውቆ ነው ከሰባት ሴት አንዷን መርጦ ያወጣው። ባዶ በቀረው ግድግዳ አጠገብ ኮሎኔሏ ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ ታነጥፋለች፤ አንገቷ ላይ ላቡ ያበራል። ከእሷ ቀጥሎ ሁልጊዜ የምታንጎራጉረዋ ቀጭኗ ሴት ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ባለፈው ሳምንት የታጨችው። የሐኪሟ ደም ፈላ። ክፍሉም፣ ልጇም፣ የባሏም ኮት ከፊቷ አልጠፉም። ምንም ቆራጥ ሴት አልነበረችም። ዝም ብላ ሄደች፤ እግሯ ወደ ቦይለሩ ወሰዳት።

እሳቱን በእጅ የሚያጠፋውን ቀይ ቁልፍ ስትጫነው ከቦይለሩ ሥር ያለው ማጓራት ቀጥ አለ። መርፌዋ ግን አልወረደችም፤ እሳት ቢጠፋም ሆዱ ውስጥ ያለው አለ። ወደ ጓሮው የሚያስተነፍሰውን የቧንቧ መክፈቻ በጎማ ሽርጧ ጠቅልላ ያዘችው። በአንዴ ከተከፈተ አደጋ ነው፤ በሩብ በሩብ ነው የሚዞር፤ ሽማግሌው ካስተማሯት እውነተኛ ነገር አንዱ ይህ ነበር። የመጀመሪያው ሩብ ላይ እንፋሎቱ እንደ በሬ አጓርቶ ወጣ፤ የእጅ አንጓዋን ለበለባት፤ አልለቀቀችም። «ካውያ አስቀምጡ!» ብላ ወደ ግድግዳው ጮኸች። «ሁላችሁም ውጡ! ልኩን አልፏል፣ ውጡ!» «ሐኪሟ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ኮሎኔሏ ከወዲያ። «ውጡ ነው የምላችሁ!» ድምፅ ሰውን ያሳምናል፤ ካውያዎቹ ተራ በተራ ብረት ላይ ሲያርፉ ሰማች፣ ወንበር ሲወድቅ፣ በጠባቡ በር ሲጋፉ። ሁለተኛውን ሩብ አዞረች። ሦስተኛውን አዞረች። ከብየዳው ጫፍ የሚወጣው ነጭ ክር እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

ጓሮው ነጭ ሆኖ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር። እንፋሎቱ ሲገፈፍ መጀመሪያ የታየው የዋርሳዋ ጫማ ነው፤ ከዚያ ሙሉ ሰውየው። «ማን ፈቀደልሽ?» አለ። ድምፁ ተሰነጣጠቀ። «አራት መቶ አንሶላ! የሆቴሉን ሰው ምን ልበለው? ማን አስለመደሽ አንቺን? አጉርሼሽ፣ አልብሼሽ… ልክሽን አልፈሻል! አዎ፣ አንቺ ነሽ ልክሽን ያለፍሽው! ዛሬውኑ ክፍሌን ልቀቂ!» አለ፤ ስድስቱም ሴቶች፣ መካኒኩም፣ እናቱም በሚሰሙበት። ሐኪሟ የተቃጠለ እጇን በሌላው እጇ ይዛ ትተነፍሳለች።

«ምን ተፈጥሮ ነው?» አሉ እማማ። ወንበራቸው ከግቢው በር አጠገብ ነበር፤ ከግድግዳው ሠላሳ እርምጃ ይርቃል።

«ቦይለሩ ሊፈነዳ ነበር አሉ፣ እማማ» አለች ቀጭኗ።

አሮጊቷ ወንበራቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፤ ደመና ነው፣ የተባለው ፀሐይ የትም የለም። ልጃቸውን አዩት። «እኔን ብቻ?» አሉት።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ…»

«እኔን ብቻ ነው ያወጣኸኝ?»

መቀበያው ውስጥ ስልኩ ይጠራ ነበር። ዋርሳዋ ያ ስልክ እግዜር የላከለት ይመስል ፈጠን ብሎ ገባ፤ መካኒኩም ወደ ማጠቢያው ተከተለው። እማማ ከወንበሩ ተነሥተው፣ ጉልበታቸውን ደግፈው፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ደረጃ ሄደው ከሥሩ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ገና አሁን ነው የገባቸው። የታጨችዋ ማልቀስ ጀመረች። ቀጭኗ ሐኪሟን ትከሻዋን አቅፋ «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት፤ ሌላዋ እጇን የምታጥብላት ቀዝቃዛ ውሃ ልታመጣ ገባች። ኮሎኔሏ ብድግ አለች። «አያስወጣሽም!» አለች። «ደግሞ ሊያስወጣሽ! ተቆጣጣሪው ጋ ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ፤ ሁላችንም እንፈርማለን። አንቺ መዝግበሽ የለ? ወረቀቱ የታለ?»

ሐኪሟ ቅጹን ከሽርጧ ኪስ አወጣችው። የአምስት ሰዓቱን ሣጥን ሰርዛ «አልፏል» ብላ ጻፈችበት፤ በተለበለበው እጇ ስለጻፈችው ጽሕፈቱ አላማረም። ፈረመችበትና ሰጠቻት። ኮሎኔሏ ወረቀቱን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ አነበበች። ከአምስት ሰዓት በታች ያለውንም አነበበች። ተመልሳ ከላይ ጀመረች።

«አሥር ሰዓት መቼ ደረሰና ነው?» አለች።

ሐኪሟ አንድ ቃል ብትል ይበቃት ነበር። «ዛሬ አስገድዶኝ ነው» ብትል ማንም አይጠረጥራትም፤ ሰውየው እንደሆነ ዛሬ የሚላከክበትን ሁሉ ይሸከማል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ጠዋት ነው የምጽፈው» አለች።

«ዛሬ ጠዋት?»

«ሁልጊዜ።»

ትከሻዋ ላይ የነበረው የቀጭኗ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ። የታጨችዋ እንኳ ማልቀሷን ትታ ቀና አለች። «ሳታዪው?» አለች ኮሎኔሏ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የገረማት ሰው ድምፅ ነበር። «አራት ዓመት እኮ ነው እዚያ ግድግዳ ጋ የቆምኩት። ሐኪሟ አይታዋለች እያልኩ ነው የቆምኩት።» ሐኪሟ ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። ውሃ ልታመጣ የገባችው ሴት ሳህኑን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ኮሎኔሏ ወረቀቱን መለሰችላት። «በይ ግቢ» አለቻት። «ግቢና ግፊቱ አሁን ስንት እንደሆነ አይተሽ ንገሪን።»

ገባች። ክፍሉ ጨለማና እርጥብ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ጌጁን በሽርጧ ጠረገችና ፊቷን አስጠጋች። መርፌዋ ከቀዩ መስመር ወዲህ ተመልሳለች፣ ገና እየወረደች ነው።

«አምስት ከሩብ!» ብላ ጮኸች።

«እንደገና እዪው!» አለች ኮሎኔሏ።

ሐኪሟ እንደገና አየችው።